የነፃ መሪ ፈቃድ

ብስክሌቱ ከደጀን ከተማ ወጥቶ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አትጠገብ እንየው ፔዳሉን በሙሉ ክብደቷ ረገጠችው፤ አልነቃነቅ አላት።

«አሽከርካሪ አትጠገብ፣ እንቅልፍ ጎድሎዎታል» አለ ከመሪው መሃል የሚወጣው ድምፅ። ትሑትና የማይቸኩል ድምፅ ነው። «እባክዎ ጥላ ፈልገው ይተኙ። የሚነሱበት ጊዜ ሲደርስ እቀሰቅስዎታለሁ።»

«አልደከመኝም እኮ! ትናንት ተኝቻለሁ።»

«ዓይንዎ የሚርገበገብበት ሁኔታ ሌላ ይናገራል።»

«አቧራ ገብቶብኝ ነው!»

«እባክዎ ጥላ ፈልገው ይተኙ።»

ተወዳዳሪዎቹ ይህን ድምፅ «ዳኛው» ይሉታል። በአክብሮት ይሁን በሽሙጥ ማንም እርግጠኛ አይደለም። «የራስ ስንቅ» የሚባለው ውድድር ከባህር ዳር ይነሳና ሞያሌ ላይ ያበቃል። ተወዳዳሪው ምግቡን፣ መኝታውን፣ የጎማ ካላማዳሪያውንና የብሎን መፍቻ ኪያቤውን ብስክሌቱ ላይ ጠፍሮ ይነሳል። ለማንም የሚሸጥ ነገር ከሱቅ መግዛት ይችላል፤ ከሰው እጅ ግን ጉርሻም ቢሆን አይቀበልም፣ ለሌላ ተወዳዳሪም ምንም አያቀብልም። ድሮ ይህ ሕግ በየሰው ህሊና የሚጠበቅ ነበር። አሁን የሚጠብቀው ብስክሌቱ ነው። ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ይሰናበታል።

አትጠገብ አንዱን ማስጠንቀቂያ እንጅባራ ላይ ተቀብላለች። አንዲት አሮጊት አጠገቧ ዱብ ዱብ እያሉ «በርቺ የኔ ልጅ፣ በርቺ!» ሲሏት ፈገግ ብላ አለፈች። ሴትዮዋ ግን በጀርባ ኪሷ የተቀቀለ ድንች ከተውባት ኖሯል። ዳኛው ወዲያው «ውጫዊ እርዳታ፣ ምግብ» ብሎ መዘገበ። ድንቹን ብትወረውረውም መዝገቡ አልተፋቀም።

አሁንም ምርጫ ስላልነበራት ብስክሌቱን ባህር ዛፍ ላይ አስደግፋ፣ የዳኛው ዓይን ሊያያት በሚችልበት ቦታ ጋደም አለች። ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ግን በትእዛዝ አይመጣም። ከወገቧ ሥር ያለውን ጠጠር ስታወጣ፣ ዝንብ ስታባርር፣ ከኋላዋ የነበሩት ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ሲያልፉ በጎማቸው ድምፅ ትቆጥራቸው ጀመር። ወዲያው ሰዎች ከበቧት።

«ምን ሆና ነው?»

«ወድቃ ይሆናል።»

«ኧረ ትተነፍሳለች፣ ደረቷን እዩት።»

«ደህና ነኝ!» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እባካችሁ አትንኩኝ። ተኝቼ ነው።»

«ተኝታ ታወራለች እንዴ?» አለች አንዲት ሴት፣ በሐዘን ከንፈሯን እየመጠጠች። «ፀሐይ ናላዋን አዙሯት ነው እንጂ።» ከዚያም ነጠላዋን አውልቃ ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበሰቻት።

«ውጫዊ እርዳታ፣ ልብስ» አለ ዳኛው። «ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ።»

አትጠገብ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ማን አልብሺኝ አለሽ!» ብላ ጮኸች። ሴትዮዋ ክው አለች። ነጠላዋን ተቀብላ፣ «እንዲያው ለነፍሴ ብዬ ነበር» እያለች ስትሄድ አትጠገብ ተጸጸተች። ልትከተላትና ይቅርታ ልትጠይቃት ፈለገች። ግን ዳኛው፣ ከተኛችበት ቦታ ከራቀች እንቅልፉ ከመጀመሪያው እንደሚቆጠር አስታወሳት። ተመልሳ ተጋደመች።

አትጠገብ በባህር ዳር ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሽልማት ፍለጋ አልመጣችም። በዚያ ዘመን አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው የብስክሌት መሪ አይዝም። በልደቱ ቀን መሪው በራሱ ይቆለፋል። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ነው መንገድ የሚመርጠው፣ የሚታጠፈውም የሚቆመውም። ታላቅ እህቷ ያለምዘውድ ከተቆለፈባት ቆይታለች። አንድ ቀን ገበያ ዳር የልጅነት ጓደኛዋን አይታ ልትወርድ ብትል፣ ብስክሌቱ «የመቆሚያ ምክንያትዎን ይግለጹ» አላት። ምክንያቷን እስክትገልጽ ጓደኛዋ ከዓይኗ ተሰወረች። «እንደ ዕቃ ነው የሚያደርሰኝ» አለች ያለምዘውድ ለእህቷ። «አድራሻ የተለጠፈበት ዕቃ።»

«የራስ ስንቅ»ን የጨረሰ ሰው ግን የነፃ መሪ ፈቃድ ያገኛል፤ ዕድሜ ልኩን። ሌላ ማግኛ መንገድ የለም። አትጠገብ ደግሞ በመጪው ኅዳር አርባ አምስት ዓመት ይሞላታል።

ዳኛው ሲለቃት ፀሐይ አናት ላይ ደርሳ ነበር። ቁልቁለቱን ጀመረች። ያ ቁልቁለት ለብስክሌተኛ የዓመት ፌሽታ ነው፤ ዳገት የገፋበትን ላብ ሁሉ ነፋስ የሚክስበት። ለእሷ ግን ፍሬኑን የያዘው ዳኛው ነበር። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ያንቀዋል፤ በቀጥታው መንገድም አይለቀውም። እንደ ቀብር አጃቢ እያዘገመች ወረደች። መከለያው ግንብ ላይ የተቀመጡት ዝንጀሮዎች ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ፍሬኑን ልቀቅልኝ፤ ሸተተ እኮ! እየተቃጠለ ነው!»

«ለደህንነትዎ ነው።»

ሕጉ ላይ ከሁሉ የሚያናድዳት ይኼ ነበር። ብስክሌቱ ሳይጠየቅ ሲያግዝ እርዳታ አይባልም። የሰው እጅ ሲዘረጋ ነው ጥፋት የሚሆነው።

ከገደሉ አጋማሽ በላይ አንድ ሽማግሌ ከብስክሌታቸው ጎን ተቀምጠው አየች። ከባህር ዳር ሲነሱ ተዋውቀዋል፤ የዳንግላው ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ድሮ በባህር ዳርና በአዲስ አበባ መካከል አውቶቡስ ይነዱ ነበር። አውቶቡሶቹ ያለ ሾፌር መሄድ ሲጀምሩ ከነጓደኞቻቸው ተሰናበቱ። ከዚያ ወዲህ በእጃቸው መሪ የሚይዙት በዓመት አንዴ፣ በዚህ ውድድር ብቻ ነው። እስካሁን አንዴም አልጨረሱም።

«አትቁሚ!» አሏት ገና ከሩቅ። «እለፊ! አጠገቤ ከቆምሽ ሁለታችንንም ይጽፍብናል።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ፍሬኑ ግሎ ተጣበቀ። ብሎኑን ልፈታው ስል ‹ከማዕከል ፈቃድ ይጠብቁ› አለኝ። ኪያቤው በእጄ፣ ብሎኑ በዓይኔ ሥር፤ ፈቃዱ ግን ወረፋ ላይ ነው አሉ።» ምራቃቸውን እንትፍ ሊሉ ሞክረው አፋቸው ደረቀባቸው። «እዚህ መታጠፊያ ላይ በክረምት፣ በጭጋግ፣ ስልሳ ሰው ጭኜ ወርጃለሁ። ዛሬ ብሎን አላስፈታ አለኝ! እለፊ ብዬሻለሁ!»

ውሃ እንዳላቸው ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ዳኛው «በተወዳዳሪዎች መካከል ያለው ርቀት ከተፈቀደው በታች ነው» ሲል ዘጋችው። አለፈች።

ብዙም አልራቀች። ከሥር ካለው መታጠፊያ እንደደረሰች የራሷም ፍሬን ጭስ አወጣና ክርች አለ። ጎማው እንደ ችካል ቆመ። ኪያቤዋን አወጣች።

«እባክዎ ከማዕከል ፈቃድ ይጠብቁ» አለ ዳኛው። «ብሎኑ ያለ ፈቃድ ከተፈታ ከውድድሩ ይሰናበታሉ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ወረፋዎ ተመዝግቧል።»

ግንቡ ጥግ ያለችው ጥላ ራሷን እንኳ አትሸፍንም። ከገደሉ ሥር የሚወጣው ወበቅ እንደ ምጣድ ትንፋሽ ፊቷን ይገርፋታል። ሾፌር የሌላቸው ጭነት መኪናዎች በየተራ ያልፋሉ። እሷ ጋ ሲደርሱ ዝግ ይላሉ፣ በትሕትና ዞር ብለው ያልፋሉ፣ ፍጥነታቸውን ይመልሳሉ። ውስጣቸው የሚያያት ሰው የለም። ተቀምጣ ዳኛውን ስትሰድብ፣ ከዚያ ስትለምነው፣ ከዚያ ደግሞ ስትሰድበው ቆየች።

ቀና ስትል ከላይኛው መታጠፊያ የጋሽ ቢያድግልኝ እግር ይታያታል። ሲወራጭ የነበረው እግር ከተንቀሳቀሰ ቆይቷል።

«ጋሽ ቢያድግልኝ!» ብላ ተጣራች። ገደሉ የጠራችውን ስም መልሶ አስተጋባላት። እሳቸው ግን ዝም አሉ።

«ጋሽ ቢያድግልኝ ምን ሆኑ?» አለችው ዳኛውን።

«አሽከርካሪ ቢያድግልኝ ጥሩ እንቅልፍ ላይ ናቸው።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ካለፈው ዓመት ሁሉ የተሻለ እንቅልፋቸው ነው። ዓይናቸው ተከድኗል፤ አካላቸው አይንቀሳቀስም። ለቀጣዩ ጉዞ ብቁ ይሆናሉ።»

አትጠገብ ውሃዋንና መኝታዋን ፈትታ፣ ብስክሌቱን እዚያው ጥላ ሽቅብ ሮጠች። ዳኛው ከኋላዋ፣ ወደ ኋላ መመለስ ርቀት እንደሚያስቀንስባት እየነገራት ነበር።

ሽማግሌው በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ቆዳቸው ደረቅ ነው፤ ጠብታ ላብ የለበትም፤ ይፋጃል። ፊታቸውን በጥፊ ስትነካ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ነጩ ብቻ ታየ። በሙያዋ ሐኪም ባትሆንም ይህ እንቅልፍ እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ውሃዋን ከፍታ ራሳቸው ላይ አፈሰሰችው። መኝታዋን ዘርግታ በላያቸው ጥላ ሠራች።

«ለተወዳዳሪ የተሰጠ እርዳታ» አለ የሳቸው ብስክሌት፣ በዚያው ድምፅ። «ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ። አሽከርካሪ አትጠገብ፣ ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።»

«አምቡላንስ ጥራ!»

«አሽከርካሪ ቢያድግልኝ እንቅልፍ ላይ ናቸው። እባክዎ አይረብሿቸው።»

«እየሞቱ ነው!»

«የእንቅልፍ ጥራታቸው እጅግ ጥሩ ነው።»

ስልክ አልያዘችም፤ «የራስ ስንቅ» ላይ ከዳኛው ሌላ መነጋገሪያ መያዝ ክልክል ነው። አትጠገብ ወደ መንገዱ ወጣች። ለመጣው ጭነት መኪና እጇን አወናጨፈች። ዞሯት አለፈ። ለሁለተኛው ጮኸችበት። እሱም ዞሯት አለፈ። ለሦስተኛው መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ወደ ቀኝ ሄደች፤ ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ። መኪናው ግራ ገብቶት ቆመ።

«እባክዎ መንገዱን ይልቀቁ» አለ መኪናው።

«ሰው ጥራልኝ!»

«እባክዎ መንገዱን ይልቀቁ።»

መጀመሪያ የሽማግሌውን ብስክሌት ከመኪናው ፊት፣ ኋላም የራሷን ከታች እየጎተተች አምጥታ አስፋልቱ ላይ አጋደመቻቸው። በመካከላቸው እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ከመኪናው ኋላ ሌላ ቆመ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከታች የሚወጡትም ተደረደሩ። ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ በየተራ፣ መንገዱን እንድትለቅ ይማጸኗታል። እሷ በየመሃሉ እየተነሳች በቀረው ውሃ የሽማግሌውን አፍ ታረጥባለች፣ ደረታቸውን ታራግባለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ግን ከሐዘን ይልቅ የንዴት ነበር።

ለሰው ያልመጣ ለጭነት መጣ። ሲሚንቶውና እህሉ እንደቆመ የሆነ ቦታ ያለ መሥሪያ ቤት አወቀ፤ ወዲያው ከጎሐ ጽዮን በኩል የመንገድ ተቆጣጣሪ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ከተፍ አለ። የወረደው አንሙት የሚባል ወጣት ነበር፤ ሸሚዙ አልተቆለፈም፣ ምሳውን አቋርጦ የመጣ ይመስላል።

«አብደሻል እንዴ እትዬ? ይህን ሁሉ መኪና አግተሽ...»

«ና እይ!» አለችው፣ ክንዱን ይዛ እየጎተተች።

አንሙት ሽማግሌውን አየ። በብብታቸው ይዞ፣ እሷ በእግራቸው ይዛ፣ መኪናው ውስጥ አስገቧቸው፤ ብስክሌቶቹንም ከኋላ ጫኑ። መንገዱ ሲከፈት ጭነት መኪናዎቹ አንድ በአንድ «እናመሰግናለን» እያሏት አለፉ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ቢያድግልኝ ጎሐ ጽዮን ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ቁጭ አሉ። ነርሷ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ልባቸው ይቆም እንደነበር ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን አትጠገብ ስትገባ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ማን ቀስቅሺኝ አለሽ?»

«ምን?»

«ማስጠንቀቂያ አልነበረብኝም! አንድም! ፈቃዱ መጥቶ ብሎኑን ብፈታ፣ ዘንድሮ እጨርሰው ነበር። አንቺ መጥተሽ...»

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ሊሞቱ ነበር!»

«ተኝቼ ነበር!»

ይኸኔ የውድድሩ ተወካይ ወይዘሮ ሠናይት ገቡ። ጥሩ የለበሱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ለሽማግሌው ምሕረት ተመኙና ውሳኔውን አሰሙ። አቶ ቢያድግልኝ እርዳታውን ሲቀበሉ ተኝተው ስለነበር ጥፋት የለባቸውም፤ ሐኪም ከፈቀደላቸው ፍሬናቸው ተጠግኖ ከቆሙበት ይቀጥላሉ። ወይዘሮ አትጠገብ ነቅተው ስለረዱ ተሰናብተዋል።

«መዝገቡ ተኝተዋል ስላለ ነው?» አለች አትጠገብ።

«መዝገቡ የሚለው እሱን ነው።»

«እንግዲያ ቢሞቱም መዝገቡ ይቀብራቸው ነበራ!»

ወይዘሮ ሠናይት አንገታቸውን ደፉ። «እኔም መሪዋ የተቆለፈባት እህት አለችኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ብረዳሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብረዳሽ...» አልጨረሱትም። ወጡ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል ሲያዩ ቆዩ።

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ እሷን ሳያዩ።

«ይሂዱ» አለች። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ የቆመውን ብስክሌቷን በእርግጫ መታችው። አውራ ጣቷን አመማት። ብስክሌቱ «ይጠንቀቁ» አላት።

ኅዳር መጣ። መሪዋ በልደቷ ጠዋት ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። ብስክሌቱ ወደ ሥራ በአጭሩ መንገድ ይወስዳት ጀመር፤ በወፍጮ ቤቶቹ ጀርባ፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል። የመጀመሪያ ሰሞን መሪውን በእጇ ትይዘው ነበር። ኋላ ለማንም ማስመሰል እንደማያስፈልጋት ገባትና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ጋሽ ቢያድግልኝ ሞያሌ መድረሳቸውን ሰው ነገራት፤ ከሁሉ መጨረሻ ገቡ፣ ግን ገቡ። «እሰየው» አለች በአፏ። በሆዷ ያለችው ሌላ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው፤ ከስተዋል፣ ቆባቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል። አጠገባቸው ሁለት ኮርቻ ያለው ረጅም ብስክሌት ቆሟል። ከዳንግላ ድረስ ብቻቸውን ነድተውት መጥተዋል።

«ምነው ፊትሽን ቋጠርሽው?» አሏት።

«እንዴት አደሩ እንኳ አይሉም?»

«እንዴት አደርሽ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ ለማለት የመጣ ሰው መልክ ነበራቸው፤ ቃሉ ግን የትም አልተገኘም። «ፈቃዱን ሰጡኝ። አንብቤ አስነበብኩት፤ የቀበሌያችንን ጠበቃም አስጠየቅኩ። ባለፈቃዱ ብስክሌቱ ላይ ይኑር ነው የሚለው። የትኛው ኮርቻ ላይ ይቀመጥ አይልም።»

አትጠገብ ብስክሌቱን አየችው። መሪው ከፊት ለፊት ነው፤ ከኋለኛው ኮርቻ ፊት ያለው መያዣ ብቻ ነው፣ አይዞርም። መሪው መሃል ላይ ድምፅ የሚያወጣ ነገር አልነበረም።

«እርስዎስ?» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ መሪ ልያዝ ብለው የለ?»

«ከሞያሌ ዳንግላ ይዤ መጣሁ አይደል? ይበቃኛል አላልኩም። በየሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ስመለስ ደግሞ እይዘዋለሁ።» ወደ ኋለኛው ኮርቻ ሄደው ጉብ አሉ። «በይ ውጪ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወጣች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከኅዳር ወዲህ የሚዞር ነገር አልጨበጠችም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ርምጃዎች እንደ ሰካራም እየተወላገዱ ተጓዙ።

«ጉድጓድ!» አሉ ከኋላ።

«አይቻለሁ።»

«ፍሬን! ፍሬን ያዢ እንጂ!»

«ይዣለሁ!»

«ባጃጁን ተጠንቀቂ፣ እነዚህ ያለ ሾፌር...»

«ጋሽ ቢያድግልኝ! ወይ ዝም ይበሉ ወይ ይውረዱ!»

ከአስፋልቱ ዳር ያሉ ሰዎች ያቺን ሴትዮ ያዩዋት ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ መሪውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ስታዞር። አንዱ «እንዴት ተፈቀደላት?» ሲል ሰማችው። አደባባዩን አንድ ጊዜ ዞረችው። ከዚያ ያለ ምንም ምክንያት ደግማ ዞረችው።

«የት ነው የምንሄደው?» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ መታገሥ አቅቷቸው።

«እኔ እንጃ!» አለች አትጠገብ፣ ፔዳሉን እየረገጠች።